ዓይን ጨፍኑ ለሁሉም አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ለመረጋጋት «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጥልቀት ተንፍሱ» የሚለው ምክራችሁ ለእኔ አይሠራም። ከመኪና አደጋ የተረፍኩ ሴት ነኝ። ስጨፍን የሚመጣብኝ የፍሬን ድምፅ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ሌላ መንገድ አሳየችኝ። ዓይኔን ገልጬ፣ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ ግድግዳ እገፋለሁ። (ባለቤቴ «ልትጥዪው ነው?» እያለ ይስቃል።) ከዚያ ትንፋሼን ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ረዘም ያለ አወጣጥ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል የልብ ምትን ያረጋጋል።

ሰውነትን እያንቀሳቀሱ መረጋጋት ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጤና ችግር) ይዟቸው ሕክምና አልበጅ ብሏቸው ከቆዩ ሴቶች መካከል ለ10 ሳምንት ዮጋ ከሠሩት ከግማሽ የሚበልጡት የችግሩን መመዘኛ ማሟላት አቁመዋል። ሌላ ሕክምናቸውን ግን አልተዉም።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ይህንንም ጨምሩ፦ መፍዘዝ ወይም መደንገጥ ከመጣ እንቅስቃሴው ወዲያው ይቁም፣ ባለሙያም ይጠየቅ።

አንባቢያችሁ