የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ጊታሩን ከነእርጅናው

ዘንድሮ የሙዚቃ ክበባችን መዝሙር አስጠንቷል፤ በወላጆች ቀንም መድረክ ላይ ወጥቷል። የ2017 የትምህርት ዘመን ዋና ሥራችን ግን አንድ አሮጌ ጊታር ነበር። በጥቅምት ወር አንድ የደብረ ብርሃን ጡረተኛ ሙዚቀኛ በጋቢ ጠቅልለው አመጡልን። «ድምፁን መልሱልኝ፤ መልኩን ተዉት» አሉን። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በዚህ ቃል ነው።

ጊታሩ ከለመድነው ይለያል። ፊቱ ዝርግ አይደለም፤ መሐሉ ጎበጥ ያለ ነው። ክብ ቀዳዳ የለውም፤ በምትኩ እንደ ቫዮሊን ግራና ቀኝ የኤፍ ፊደል የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ክሮቹ የሚታሰሩት ግርጌው ላይ ካለ ብረት ነው። አርክቶፕ ይባላል፤ የጃዝ ሰዎች ጊታር ነው። በቀዳዳው ባትሪ ሲበራበት ሆፍነር የሚል የሠሪው ስም ያለበት ወረቀት ውስጡ ተለጥፎ ይታያል።

«ለምን ቫዮሊን መሰለ?» የተማሪዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። ይህ ጥያቄ ብዙ አስነበበን። ፊቱ የጎበጠ ጊታር ከእንጨት ፈልፍሎ የመሥራት መንገድ የመጣው ከአሜሪካዊው ኦርቪል ጊብሰን ነው። በስሙ የተቋቋመው ድርጅት በ1922 እ.ኤ.አ. ኤል-5 የተባለውን ባለ ኤፍ ቀዳዳ ጊታር አወጣ። ዘመኑ የትልልቅ ባንዶች ዘመን ነበር። ጊታር በመለከትና በከበሮ መሐል ያለ ማጉያ መሰማት ነበረበት። ጊታር ተጫዋቹ ፍሬዲ ግሪን በካውንት ቤዚ የጃዝ ባንድ ውስጥ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሪትም የመታው በእንዲህ ዓይነት ጊታር ነው። ሆፍነርም ቢሆን ሥሩ ቫዮሊን ነው። ካርል ሆፍነር በ1887 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው የቫዮሊን ሠሪዎች ከተማ በነበረችው፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ሾንባክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ባለሙያዎች ከዚያ ተባረው ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ቡበንሮይት ሰፈሩ። ይህን ካነበቡ በኋላ ልጆቹ ጊታሩን የሚይዙበት እጅ ራሱ ተለወጠ።

ስንቀበለው ጀርባው በአንድ በኩል ከጎኑ ተላቆ ወረቀት ያስገባ ነበር። ውስጡ ያለ አንድ ደጋፊ እንጨት ሲነካ ይንኳኳል። የመቃኛ ቁልፎቹ ደርቀዋል። ፊቱ እንዳይጫጫር የተገጠመው ፕላስቲክ ተኮማትሮ መፈርፈር ጀምሯል፤ አጠገቡ ያለው ብረትም ዝጓል። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ። የድሮው ፕላስቲክ ሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ብረት ይበላል። ፕላስቲኩን አንስተን፣ በወረቀት ጠቅልለን፣ ምን እንደሆነ ጽፈንበት ለብቻው አስቀመጥነው። አልጣልነውም።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ቫርኒሽ ቀብተው፣ አዲስ ሊያስመስሉት ፈለጉ። እኔ አልተስማማሁም። ፊቱ የጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ያለው እንጨት ነው፤ በፋቁት ቁጥር ይሳሳል፣ ድምፁም አብሮ ይለወጣል። በዚያ ላይ የባለቤቱ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቫርኒሹ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ያ ልጠት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ ክንዳቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ሞከሩት። ክርክሩ እዚያው አለቀ። «መመለስ የማይቻል ነገር አንሠራም» ብለን ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን።

በዚህ ሕግ ሱፐር ግሉም ኮላም ከጨዋታ ወጡ። ሁለቱም ከደረቁ በኋላ ነገ ለሚጠግነው ሰው በቀላሉ አይለቁም። የቆዳ ሙጫ ግን በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቃል። ቫዮሊን ሠሪዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ገበያ ላይ አጣነው። ደግነቱ ያለነው ሰሜን ሸዋ ነው! የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን አጎት ብራና ይፍቃሉ፤ ከጠርዙ የተረፈውን ቁርጥራጭ በፌስታል ይዛ መጣች።

ቁርጥራጩን በውሃ ዘፍዝፈን አሳደርነው። ድስት በድስት ውስጥ አድርገን ከሰል ላይ ጣድነው። መፍላት የለበትም፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከቤተ ሙከራ የመጣውን ቴርሞሜትር ይዞ 60 ዲግሪ አካባቢ ጠበቀው። በጨርቅ አጥልለን ጣታችንን ነከርን። ጣት ከጣት ሲላቀቅ እንደ ማር ቀጭን ክር ሳበ። መጀመሪያ በሁለት ቁራጭ እንጨት ሞከርነው፤ ሲደርቅ በጉልበት ስንገነጥለው ራሱ እንጨቱ ተሰበረ እንጂ ሙጫው አልለቀቀም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ሌላ ፈተና ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በውርጭ ወራት፣ ትኩስ ሙጫ እንጨቱን እንደነካ ይረጋል። መላው እንጨቱንም ማሞቅ ነው። ሥራውን ቀትር ላይ አደረግነው። አንዷ በፀጉር ማድረቂያ ጠርዙን ስታሞቅ፣ ሌላው በብሩሽ ሲቀባ፣ ሦስተኛው ሞርሳውን ሲያጠብቅ አየሁ፤ ማንም ማንንም አልገፋም። ሞርሳዎቹን ያዋሰን የሰፈር አናጺ ነው። እንጨቱን እንዳይጎዱ ከሥራቸው የብርድ ልብስ ቁራጭ አደረግን።

ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹን ከፊቱ ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት፣ በሙጫ የተያዘ አይደለም፤ የሚቆመው በክሮቹ ጫና ነው። ቦታው የት እንደነበር ማግኘት የሒሳብ ሥራ ሆነ። ከአንገቱ የላይኛው ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ) ያለውን ርቀት ለካን፤ በሁለት አባዛን። ክር በትክክል ለሁለት ሲከፈል ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላልና። ቫርኒሹ ላይ የቀረው የድሮው ብሪጅ አሻራ ከስሌታችን ትንሽ ወደ ኋላ ሆኖ ተገኘ። ይህም ትክክል ነው፤ ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ያችን ጭማሪ ይፈልጋል። ከዚያ ቀጭን ክር ገጠምን። ቀጭኑም ቢሆን ሲቃኝ ከ50 ኪሎ በላይ ይስባል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን አልወጠርነውም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረግነው።

ባለቤቱ በግንቦት መጥተው ትዝታን ተጫወቱበት። ቀጥለው አንቺሆዬን። «ጋሼ፣ ድምፁ ያው ነው?» አላቸው አንዱ ልጅ። «ያው ነው፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት» ብለው ሳቁ። ጊታሩ ግን እዚሁ ከእናንተ ጋር ይሁን አሉ።

ስለዚህ ጥበቃው የእኛ ሆኗል። እንዲህ ያለ እንጨት የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በበጋ አየራችን ደረቅ ነው፤ እንጨት ይሰነጥቃል። የሳሙና ማስቀመጫ በስተን፣ እርጥብ ስፖንጅ ከትተን ሳጥኑ ውስጥ እናስቀምጣለን። ክረምት ሲገባ ስፖንጁ ይወጣል፤ ሳጥኑም ከቀዝቃዛው ግድግዳ ይርቃል። ተረኞቹ ስማቸው በር ላይ ተለጥፏል። ጊታሩ ተሰቅሎ የሚታይ ብቻ እንዲሆን አንፈልግም፤ እጁን ታጥቦ የመጣ የክበቡ አባል ይጫወትበታል።

ለመጪው ዓመት የተበሉት ፍሬቶች ይቀሩናል። የባህል ክበቡም ቆዳው የተቀደደ ማሲንቆ አደራ ሰጥቶናል። ምዝገባው በመስከረም ነው፤ ሙዚቃ ማወቅ ግዴታ አይደለም። እርጥበት መለኪያ ያለው ወላጅ ቢያውሰን ደግሞ በጣም ደስ ይለናል።