የኋላ ጎማቸው ፓራፋንጎ ስለሚነካ መኪኖች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ የኋላ ጎማው የሚፈትግ መኪና ሲመጣ እንደ ድሮው ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን የላሜራ ሽፋን) በመዶሻ አጥፈን፣ በሞላው መሃል የጎማ ቁራጭ ሰክተን በግማሽ ሰዓት መሸኘት አቁመናል። ብዙዎቻችሁ በዚህ ተቆጥታችኋል። «ገንዘብ ፈልጋችሁ ነው» ያለን አለ፤ ሰላም ሳይለን መኪናውን አስነስቶ የሄደም አለ። አስቀድመን ሳንነግራችሁ ከበር ስለመለስናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን አይቀየርም።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ገና ልጅ ሆኜ፣ ሳሪስ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ቸርኬ እየጠረግሁ ነው። ሥራውን ያስተማረችኝ አሮጌዋ የቶዮታ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። ዛሬም ከሥሯ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ቦሎኖቿን እፈታለሁ። እናም «መቀጥቀጥ አቅቷችሁ ነው» ስትሉኝ በእውነት ያመኛል። መቀጥቀጥማ ለስንቶቻችሁ ቀጥቅጫለሁ።

ያስቆመን በፋሲካ ሰሞን የሆነው ነው። ከ11 ዓመት በላይ የምናውቀው ደንበኛችን ቤተሰቡን አሳፍሮ፣ የኋላ ኮፈን ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ከአዳማ ሲመለስ ዱከም ሳይደርስ የኋላ ጎማው ፈነዳ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። በማግስቱ ጎማውን ተሸክሞ መጣና ምንም ሳይናገር መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። በውጭው ጎን ዙሪያውን ጣት የሚያህል መስመር ተወልውሎ ያብለጨልጫል፤ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ወጥቷል። ያን መስመር የሠራው ከሁለት ወር በፊት እኛው ያጠፍነው የላሜራ ጠርዝ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጎማው አሁንም ቢሮዬ ውስጥ አለ፤ ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ።

ፓራፋንጎው ጥፋት የለበትም። ዲኤክስ በራሷ 155 ባለ 13 ጎማ (ስፋቱ 155 ሚሊ፣ ቸርኬው 13 ኢንች) አትነካም። ብዙዎቻችሁ ከፍ እንድትል ብላችሁ 185/70 ባለ 14 ታስገቡባታላችሁ። ያ ጎማ በቁመት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ይበልጣል፤ በስፋትም በየጎኑ 15 ሚሊ ይጨምራል። በዚያ ላይ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለ ሞላ ተኝቷል። ባዶዋን ስትሄድ ዝም ትላለች፤ ሦስት ሰው ከኋላ ሲቀመጥና ጉድጓድ ስታገኝ ትፈትጋለች። በአንድ ጎን ብቻ፣ በተለይ ስትጠመዘዝ የምትነካ ከሆነ ደግሞ ፖንቴውን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስል) ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘውን ዘንግ እዩት። የዘንጉ ጫፎች ጎሚኒ (የጎማ ማቀፊያ) ካለቀ ፖንቴው ራሱ ይንሸራተታል። ይህን ትቶ ላሜራ መቀጥቀጥ በሽታውን ትቶ ልብሱን ማጠብ ነው። በመዶሻው የተሰነጠቀው ቀለም ደግሞ ክረምት ሲገባ ውኃ ይይዛል፣ ዝገቱም ይከተላል።

ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ጎማው ላይ ጠመኔ ቀብተን፣ ሰው ጭነን እንነዳትና የት እንደምትነካ እናያለን። ሞላ መቀየር ካለበት ሁለቱንም ጎን እንቀይራለን፤ አንዱን ብቻ ቀይሩልኝ ለሚል አንሠራም። ከልኳ በላይ የሆነ ጎማም አንገጥምም።

ዋጋው መክበዱን አውቃለሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ መለዋወጫ በምንገዛበት ሶማሌ ተራ ትናንት የጠየቅነው ዋጋ ዛሬ የለም። ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ሥራ ነው፤ ሆኖም በሞላው ላይ አንድ ብር አልጨመርኩም። የገዛንበትን ደረሰኝ ከመኪናው ጋር እንሰጣችኋለን፤ የእጅ ዋጋችንም የአምናው ነው። የቤንዚን መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ያለችን ይህችው መኪና ናት፤ እንድትቆይላችሁ ነው የምደክመው።

የቆያችሁ ደንበኞቻችን ክፍያውን ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ጊዜ መክፈል ትችላላችሁ። ተቀይማችሁ የሄዳችሁም፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ተመለሱና አብረን እንያት። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ምርመራው በነፃ ነው። ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ጭነታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በባዶ መኪና አይታይም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት