ጉዳዩ፦ ጥልቅ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ባለባቸው ሕፃናት የአንገት ሲቲ ስካን ላይ የቀረበ ቅሬታ

ለሲቲ ስካን ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ከጉሮሮ ጀርባ ወይም ጎን መግል ይዘዋል ብለን የምንልካቸው ሕፃናት ሪፖርት ለውሳኔ የማይበቃ ሆኖ ስላገኘነው ይህን ቅሬታ ጽፈናል።

ትልቁ ችግር የውስጠኛው ካሮቲድ፣ ማለትም ደም ወደ አንጎል የሚወስደው የአንገት ደም ቅዳ፣ ነው። ሪፖርታችሁ ወይ ስለ ደም ቅዳው ትንፍሽ አይልም፣ ወይ «የቀኙ ካሮቲድ ጠቧል» ብሎ ይዘጋል። ምን ያህል? ከየትኛው የአንገት አጥንት ትይዩ? የግራውስ? መግል የተጠጋው ካሮቲድ በሕፃናት ላይ መጥበቡ ብርቅ አይደለም፤ በብግነቱ ይኮማተራል፣ እብጠቱም ይጫነዋል። አብዛኛውን ጊዜ አንጎልን ሳይጎዳ ኢንፌክሽኑ ሲድን ይመለሳል። ልኬት የሌላት «ጠቧል» ወላጅ ታስደነግጣለች እንጂ ለእኛ ምንም አትነግረንም። ሁለቱንም ወገን በአንድ ከፍታ፣ ቧንቧውን ቀጥ ብሎ በሚያቋርጥ የምስል ቁርጥ ለክታችሁ ጻፉ። በራስ ቅል ሥር ያለውን የካሮቲድ የአጥንት ቦይም እዩ፦ ቦዩም ጠባብ ከሆነ ቧንቧው ከተፈጥሮው ቀጭን ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከካሮቲዱ ግድግዳ ወጥቶ ኮንትራስት (ምስሉን ለማድመቅ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) የቋጠረ ከረጢት ካለ ወይም ካሮቲዱ ወደ መሃል ተገፍቶ ከሆነ፣ በአፍ በኩል መግሉን የሚቀድ ሐኪም ምላጩን ሳያነሳ ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለው ግኝት በዚያው ሰዓት በስልክ ይነገረን፤ የታተመ ወረቀት እስኪመጣ አይጠበቅም።

የምስሉ አነሳስም መታረም አለበት። የትንሽ ልጅ ካሮቲድ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ5 ሚሊ ሜትር ቁርጥ ጠርዙ ከአካባቢው ሥጋ ጋር ይደበላለቃል። 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሳሳ ይሁን። ኮንትራስት ገብቶ 20 ሰከንድ ሳይሞላ ከተነሳ ደም ቅዳው ይደምቃል፣ የመግሉ ጠርዝ ግን ገና አልቀለመም፤ ጁጉላሩም (ደም ከራስ የሚመልሰው የአንገት ደም መልስ) በቅጡ ስላልሞላ ደም የረጋበት ይመስላል። ከ45 እስከ 60 ሰከንድ መታገሥ ይህን ይፈታል። የልጁ አንገት ከዞረ ሁለቱ ወገኖች አይወዳደሩም፣ ካለቀሰ ወይም ከዋጠ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዝና የሌለ ጥበት ይፈጥራል። ምስሉ ከራስ ቅል ሥር እስከ ደረት መሃል ይድረስ፤ ከጉሮሮ ጀርባ ያለ መግል ወደ ደረት ይወርዳልና አገጭ ሥር ማቆም አደገኛ ነው።

ያለፉትን ምርመራዎች ያለ አዲስ ጨረርና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግማችሁ አንብቡልን። ጥሬ ዳታው ከማሽኑ ካልጠፋ የሳሳ ቁርጥ ማውጣት ይቻላል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ መሰረዙን አስቁሙ። ከፊልም ጋር ሙሉ ምስሉ በሲዲ ይሰጠን፤ በፊልም ላይ ቧንቧ ተከትሎ መውረድ አይቻልም።

የጽሑፍ መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የሕፃናትና ከአንገት በላይ ሕክምና ቡድን