የሲኩዌንሲንግ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ለተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ የድሬ ነዋሪ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ዲኤንኤ ሲኩዌንሲንግ ማሽን ነው። የቫይረስን፣ የወባ ጥገኛን ወይም የትንኝን ዘረመል ፊደል በፊደል የሚያነበው መሣሪያ ማለቴ ነው። ከተማችን አንድ ቀን መግዛቷ አይቀርም፤ መግዛትም አለባት። የሚያሳስበኝ የትኛውን ትገዛለች የሚለው ነው።

ለምን እንደሚያስፈልጋት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2013 የዴንጊ ትኩሳት በአገራችን መጀመሪያ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2019 ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በ2022 ደግሞ ዝናብ በሌለበት ወቅት ወባ ተነሳ። በአምስት ወር ብቻ ከ2,400 በላይ ታማሚ ተመዘገበ፤ በ2019 ግን ዓመቱን ሙሉ 205 ነበር። ጣቱ የተቀሰረው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ላይ ነው፤ በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ የከተማ ትንኝ ናት። በእኛ ከተማ ደግሞ በርሜል ወይም ሮቶ የሌለው ግቢ የት ይገኛል?

ወደ ዋጋው ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ኢሉሚና የተባለው የማሽኖቹ አምራች በ2022 ኖቫሴክ ኤክስ የተባለ ትልቅ ማሽኑን ሲያስተዋውቅ የአንድ ሰው ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዘረመሉ፣ በ200 ዶላር ይነበባል አለ። ውሸት አይደለም። ግን ሒሳቡ የሚሠራው ማሽኑ በናሙና ጢም ብሎ ሲሞላ ነው። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ፊደል አለው፤ የዴንጊ ቫይረስ ግን 11 ሺህ ገደማ ነው። ሠላሳ የዴንጊ ናሙና ይዞ ኖቫሴክ ላይ መሄድ ለአንድ ጆንያ ሽንኩርት ሙሉ ባቡር እንደ መከራየት ነው። ማሽኑ ብቻውን ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። እኛ በሳምንት ስንት ናሙና እንደሚኖረን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ትንንሾቹ የኢሉሚና ማሽኖች ሌላ ነገር ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ አይሴክ፣ በ2018 ገበያ ሲገባ 20 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ትክክለኛነታቸውም ጥሩ ነው፤ አብዛኛውን ንባብ ከሺህ ፊደል አንድ ቢስቱ ነው። ጉድለታቸው በአንዴ የሚያነቡት የዲኤንኤ ቁራጭ አጭር መሆኑ ነው፤ አይሴክ በአንድ ጎን የሚያነበው እስከ 150 ፊደል ነው። ፓክባዮ የተባለው ሌላ አምራች ማሽን ረጅምም ትክክልም ያነባል፤ ግን ሬቪዮ የተባለው የወጣው በ779 ሺህ ዶላር ነው። ስለዚህ እሱን እንለፈው።

የቀረው ናኖፖር የተባለው አምራች ነው። ሚንአዮን የሚባለው ማሽኑ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። በ2015 ጊኒ ውስጥ የኢቦላ ቫይረስን እዚያው ወረርሽኙ መሀል ያነበቡት በእሱ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ስህተቱ ብዙ ነበር። አሁን ትክክለኛነቱ 99 በመቶ አካባቢ ደርሷል። ከመቶ አንድ መሳት ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም አንዱን ቦታ መቶ ጊዜ ደጋግሞ ሲያነበው ተራው ስህተት ይጠራል። የማይጠራው አንድ ዓይነት ፊደል ሲደረደር ቆጠራው የሚምታታበት ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ጂኖም 80 በመቶ ያህሉ ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደሎች ኤ እና ቲ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለው ድርድር ሞልቶበታል። ለዴንጊና ለቺኩንጉንያ ግን ይበቃል፤ ከበቂም በላይ ነው።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ለወረርሽኝ ናኖፖር። የትንኝ ዝርያ ለመለየትና በአገራችን የታየውን የኬልች13 አር622አይ ለውጥ (ወባ ከመድኃኒት ጋር ከመላመዱ ጋር የሚያያዝ የዘረመል ለውጥ) ለመፈተሽ ደግሞ የድሮው ሳንገር የተባለው የማንበቢያ ዘዴ፤ ከ1977 ጀምሮ ያለ ነው፣ ለአንድ ጂን ግን አሁንም የሚታመን። ሙሉ የወባ ጂኖም ሲፈለግ ናሙናውን አዲስ አበባ መላክ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ ለዚህ ብሎ የራስን ትልቅ ማሽን ማቆም ብክነት ይመስለኛል።

አሁን ማንም በጨረታ ሰነድ ላይ ወደማይጽፈው ነገር። የሚንአዮን ፍሎው ሴል፣ ማለትም ናሙናው የሚነበብበት አላቂ ክፍሉ፣ ዋጋው እንደ ግዢው ብዛት ይለያያል። ለሒሳብ ያህል 700 ዶላር እንበል። 24 ናሙና አንድ ላይ ከተነበበ ለአንዱ 29 ዶላር ይደርሳል፤ 4 ብቻ ከሆነ 175። ሪኤጀንቱ (የማንበቢያው ኬሚካል) ገና አልተቆጠረም። ፍሎው ሴሉ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ደግሞ 12 ሳምንት ነው። ጉምሩክ ሁለት ወር ከያዘው ምን ተረፈ? ንባቡ ደግሞ እስከ 72 ሰዓት ሊቀጥል ይችላል፤ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ጥሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) እና ኃይለኛ ጂፒዩ (ስሌት የሚያፋጥን ክፍል) ያለው ኮምፒውተር ከማሽኑ እኩል መታየት አለባቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሪኤጀንት አጥቶ ከነላስቲኩ የተቀመጠ ውድ ማሽን አይቻለሁ። ጎብኚ ሲመጣ አቧራው ይጠረጋል።

ስለዚህ ጨረታ ስታወጡ የማሽኑን ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። አቅራቢው የሦስት ዓመት ሪኤጀንት ዋጋ አብሮ ያቅርብ። ፍሎው ሴሉን በአንዴ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ ያስገባ። ሲበላሽ የሚጠግነው መሐንዲስ የት እንዳለ ይጻፍ። ሐረር ካለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ ጋር ደግሞ ስምምነት ብታደርጉ፣ የሁለቱ ከተሞች ናሙና አንድ ላይ ሲነበብ ያ 29 ዶላር የሚደረስበት ይሆናል። ስፔሲፊኬሽኑን ከማጽደቃችሁ በፊት ለባለሙያ አስተያየት አንድ ወር ብትከፍቱት፣ እኔም በጽሑፍ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ