ከቦርጩ በፊት እንቅልፋችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሴቶች ስፖርት በጻፋችሁ ቁጥር ወሬው ሁሉ ቦርጭ ስለማጥፋት ነው። እኔ 49 ዓመቴ ነው። ወደ ስፖርት የወሰደኝ እንቅልፍ ማጣትና ሆድ መባስ ነው። ሌሊት ላብ አጥምቆኝ እነቃ ነበር። ቀን ደግሞ በረባ ባልረባው እነጫነጫለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ የወር አበባቸው ይቆማል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲዋዥቅና ሲቀንስ እንቅልፍም ስሜትም ይረበሻል። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ሊነገረን ይገባ ነበር!

አሁን ጠዋት ጠዋት ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። ስወጣ ጭንቅላቴ በሐሳብ እንደተወጠረ ነው። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሼ ይጨምራል፣ ትከሻዬ ይላላል፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ቀለል ይላል። ክብደት ማንሳትም ጀምሬያለሁ። ስፈራው የነበረውን ብረት ከወለል ላይ ብድግ ሳደርግ የሚሰማኝ ደስታ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ይመክራል። ለአጥንትም ጥሩ ነው። ድብርቱ ከጠና ግን ሐኪም ማየት ግድ ነው፤ ስፖርት ሕክምናን አይተካም።

እባካችሁ፣ በዚህ ዕድሜ ስላለን ሴቶች ስትጽፉ ስለ ወገባችን ብቻ ሳይሆን እንዴት አድረን እንዴት እንደምንውልም ጠይቁን።

የዘወትር አንባቢያችሁ