የነፍሳት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጣዝማ ያገኘንበት ዓመት

ክበባችን ሁለተኛ ዓመቱን ጨረሰ። ስንጀምር «የትል ክበብ» ይሉን ነበር። ዘንድሮ አባሎቻችን 34 ደርሰዋል። ይህን የምጽፈው ልጆቹ የሠሩትን ወላጆችም ባልደረቦቼም እንዲያዩልኝ ነው።

በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ይነሳብኛል። «አንበጣና ተምች ገበሬውን ሲያስለቅሱት እያየን፣ ነፍሳትን እንጠብቅ ትለናለህ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ያደረሰውን ማን ይረሳል? ግን ሰብል የሚያጠፉት ከነፍሳት ጥቂቶቹ ናቸው። እስቲ ኑግን እንይ። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይዝም። ከሌላ የኑግ ተክል ዱቄት ሊመጣለት ይገባል፤ ከማንም በላይ የምታመጣለት ደግሞ ንብ ነች። አንዲት የስድስተኛ ክፍል አባላችን ይህን በሰልፍ ላይ ስታስረዳ ግቢው ጸጥ ብሎ ሰማት። የዘይት ዋጋ የማይነካው ቤት የለማ!

ክበቡን እንዳቋቁም ያነሳሳኝ የዘርክሲስ ማኅበር ታሪክ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ፣ ነፍሳትንና ሌሎች አከርካሪ የሌላቸው እንስሳትን የሚጠብቅ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስሙን የወሰደው ሳን ፍራንሲስኮ የአሸዋ ክምሮች ላይ ትኖር ከነበረች ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ነው። ከተማዋ እየሰፋች አሸዋው ላይ ቤት ሲሠራ መኖሪያ አጣች። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ያያት የለም። ማኅበሩ ዛሬ በጎ ፈቃደኞችን አስተባብሮ በካሊፎርኒያ የሚከርሙትን ሞናርክ የሚባሉ ቢራቢሮዎች በየዓመቱ ያስቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተቆጠሩት 2,000 እንኳ አልሞሉም። በዓመቱ ግን ከ200,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ «እኛስ ለምን አንቆጥርም?» አሉ። ዓርብ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቆጠራ የጀመርነው እንዲህ ነው። አበባ አጠገብ 15 ደቂቃ ቆሞ ያረፈውን ሁሉ መመዝገብ። ሥራው ይኸው ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ቀላል አይደለም።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን ሳይቋረጡ ተካሂደዋል። ሁለት ጊዜ በሚኒ ሚዲያ ፕሮግራም አቅርበናል። በመምህራን ማረፊያ በኩል ባለችው ሎሚ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አግኝተን፣ «ኩሱ» ሲንቀሳቀስ ልጆቹ ጮኸው ተበተኑ። የቢራቢሮ ትል ነበር። ሲያድግ አረንጓዴ ሆነ። ሲነኩት ከራሱ ላይ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። ሎሚዋን መድኃኒት እንዳትረጯት ብዬ ባልደረቦቼን ለመንኩ፤ እሺ ብለውኛል፣ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ኅዳሩ ጉዞ ልምጣ። ወላጆች አዋጥተው አውቶቡስ ተከራዩልን፤ መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያስተከሉት ነው የሚባለው ያ ጥንታዊ ደን ነው። ልጆቹ ጦጣ ለማየት ወደ ላይ አንጋጠዋል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከገጠር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ፍለጋ ስመለስ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቷል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ጣዝማ ነች።»

ጎኑ ተንበረከክሁ። ሣሩ መሐል የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀዳዳ አለች። አንዲት ትንሽ ጥቁር ንብ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ታየናለች። ሌላዋ ከውጭ ስትመጣ ጠባቂዋ ገለል አለችላት። እግሯ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ይዛለች። ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። የጣዝማ ማር ለሳል ቀምሻለሁ፤ ጣዝማን በቤቷ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ያ ዝምተኛ ልጅ ያስተምረን ጀመር። ጣዝማ እንደማትናደፍ፣ ጎጆዋን ከመሬት ሥር እንደምትሠራ፣ ማሯ እንደ ተራው ማር እንደማይበዛ ነገረን። አንዱ «እንቆፍርና ማሩን እንይ!» አለ። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። «አያቴ ሲቆፍር አይቻለሁ» አለ። «ማሩ ሲወጣ ቤቷ ይፈርሳል። በማግስቱ ሄጄ ሳይ ጉንዳን ወርሶት ነበር።» ከዚያ ደረቅ ጭራሮ ለቅሞ፣ ማንም እንዳይረግጣት ቀዳዳዋን ዙሪያዋን አጠረላት። ሌሎቹም ሳይነገራቸው ጭራሮ ማቀበል ጀመሩ። እኔ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጁ መሐል ተቀምጦ ሲጠየቅና ሲመልስ ነበር።

ያልተሳካልንም አለ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አደይ፣ በሶብላና ጤናዳም የያዘች መደብ ነበረችን። ለወላጆች ቀን ግቢው ሲጸዳ እንደ አረም ታጨደች። በጥቅምት የአንድ ዓርብ ቆጠራ ገጽ አይበቃውም ነበር፤ ከታጨደች በኋላ ከሦስት መስመር አላለፈም። ልጆቹ በጣም አዘኑ። በክፋት የተደረገ አይደለም፤ ግን አጥርና አንዲት የብረት ምልክት ብትኖረን አይደርስም ነበር። አጉሊ መነጽራችንም ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ተሰንጥቋል። 34 ልጅ በአንድ መነጽር ተራ ሲጠብቅ ንቧ ትሄዳለች።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው አሥር አጉሊ መነጽር፣ ለመደቧ አጥር የሚሆን ሽቦና እንጨት፣ እንዲሁም የአንድ ቀን የአውቶቡስ ኪራይ ነው። ለስፖርት ክበብ የሚመደበውን ሩብ ብናገኝ ይበቃናል። በጓሯችሁ የበሶብላ ወይም የጤናዳም ችግኝ ያላችሁ ወላጆች በሰኔ ብታመጡልን እንተክለዋለን።

አውቶቡሱን የምንፈልገው ለኅዳር ነው። ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ «ቲቸር፣ ቀዳዳዋ ክፍት መሆኗን ሄደን አናይም?» አለኝ። ወላጆች ከፈቀዱ እንሄዳለን ብዬዋለሁ።