አብረው ያልተማሩ እንዴት አብረው ያክሙ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ሐኪሞች ሥልጠና ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ተማሪዎች ቁጥር፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ቤተ ሙከራና ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች ብዙ ተብሏል። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ነርስ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። አዋላጅ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ሰመመን ሰጪ የሚሉትም የሉም። ዘጋቢያችሁን አልወቅስም፤ የጻፈው ያየውን ነው። እኛ የሕክምና መምህራንም ተማሪ ስናሠለጥን የምናስበው አንድ ሐኪምና አንድ ሕመምተኛ ብቻቸውን በአንድ ክፍል እንደተቀመጡ አድርገን ነው። እንዲህ ያለ ክፍል በየትኛውም ሆስፒታል የለም።

አንድ ሰው ታሞ ሲተኛ ሐኪሙ በጠዋቱ ራውንድ አልጋው አጠገብ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቀሪውን ቀንና ሌሊቱን ሁሉ ሙቀቱን የሚለካው፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው፣ ቁስሉን የሚያጥበው፣ ደግፎ የሚያስነሣው ሌላ ሰው ነው። ሕመሙ ሲባባስም ቀድሞ የሚያየው ያው ሌላው ሰው ነው። የሐኪሙ ዕውቀት ለሕመምተኛው፣ የሕመምተኛውም ለውጥ ለሐኪሙ የሚደርሰው በእነዚህ ሰዎች በኩል ነው።

ይህን መንገድ እኔ ራሴ ዘግቼ አውቃለሁ። በኢንተርንነቴ ዘመን፣ ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት፣ የደም ግፊታቸው ዝቅ ያለ አንዲት አረጋዊት እናት ገቡ። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አዘዝኩና ወደ ሌላ አልጋ ሄድኩ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ነርስ መጡና «ዶክተር፣ እኚህ እናት ትንፋሻቸው እያጠረ ነው፤ እግራቸውም አብጧል። ግሉኮሱን ትንሽ ብናቆየውስ?» አሉኝ። ደክሞኝ ነበር። ከድካሙ በላይ ግን ያዘዝኩትን ነርስ ልትለውጥብኝ ነው የሚል ስሜት ያዘኝ። «ሲስተር፣ የታዘዘው ይሰጥ» አልኩ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

ሊነጋ ሲል ሴትዮዋ ሳንባቸው ውኃ ይዞ፣ ለመተንፈስ እየታገሉ ሳለ ተጠራሁ። ሬዚደንቱ፣ ማለትም በስፔሻሊስትነት የሚሠለጥነው ከፍ ያለው ሐኪም፣ ደርሶ ፈሳሹን አስቆመ፤ ኦክስጅንና ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ሰጥቶ አተረፋቸው። በማግስቱ ካርዳቸውን ስገልጥ የነርሷን ማስታወሻ አገኘሁት። ሰዓቱ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ፣ የእግራቸው እብጠት፣ ሁሉም ተጽፏል። በመጨረሻም «ለተረኛው ሐኪም ተነግሯል» ይላል። ገጹ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው አልጋው ግርጌ ነበር። እኛ ሐኪሞቹ ግን የነርሶችን ማስታወሻ የማንበብ ልማድ አልነበረንም፤ አንብቡ ያለንም መምህር አልነበረም። የትንፋሽ ማጠርን፣ የእግር እብጠትን፣ እነዚህን የልብ ድካም ምልክቶች በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ በፈተናም ከፍተኛ ውጤት ያገኘሁበት ትምህርት ነው። ያላወቅኩት ሌላ ሰው ምልክቶቹን አይቶ ሲነግረኝ እንዴት እንደሚሰማ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ጉድለት እንዳልሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሊዮናርድ ስታይን የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በሐኪምና በነርስ መካከል የሚደረገውን ንግግር ደንቡ እንደታወቀ ጨዋታ አድርገው ገልጸውት ነበር። ነርሷ ሐሳብ ማቅረብ ይጠበቅባታል፤ ሐሳቡ ግን ከሐኪሙ የመነጨ መምሰል አለበት። ሐኪሙም ምክር ይፈልጋል፤ ሲጠይቅ ግን መታየት የለበትም። ከሁሉ በላይ ሁለቱ በግልጽ መቃወም የለባቸውም። ያቺን ሌሊት መለስ ብዬ ሳስብ ነርሷ ደንቡን አክብረው እንደነበር ይገባኛል። «ያቁሙት» አላሉኝም፤ «ብናቆየውስ?» ነው ያሉት። ጨዋታውን በሚገባ ተጫወቱ፤ ሴትዮዋን ግን ጨዋታው ሊገድላቸው ነበር።

በሌላ ቦታ ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት ወጣት እናት ቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ሰመመን ተሰጣት። ከዚያ የአየር መተላለፊያዋ ተዘጋ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ተሰብስበው ቱቦ በአፏ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ፤ ደቂቃዎቹ ነጎዱ። አንዷ ነርስ አንገት በስታ አየር የሚያስገቡበትን መሣሪያ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናገረች። ሌላዋ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አስያዘች። ሰሚ አላገኙም። ሴቲቱ ከ13 ቀን በኋላ ሞተች። ነርሶቹ ከሐኪሞቹ ቀድመው ምን መደረግ እንዳለበት ገብቷቸው ነበር፤ ነገሩን እንዴት አድርገው እንደሚያነሡት ግን አላወቁም። በዚያ ክፍል ችሎታም፣ መሣሪያም ነበር። ከችሎታው ወደ መሣሪያው የሚያደርሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፋ።

የሟቿ ባል የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። ጉዳዩ እንዲመረመር የጠየቀውና ከዚያም ሐኪሞችን ማስተማር የጀመረው እርሱ ነው። አብራሪዎች ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ለመነሣት ይንደረደር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው መንገዱን አልለቀቀም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ እንደለቀቀ አረጋግጦ ተናገረ፤ ሌላ ሰው አልደገመም። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የበረራ ሠራተኞች በጋራ ይሠለጥናሉ። ዝቅተኛው እንዲናገር፣ ከፍተኛው እንዲሰማ በልምምድ ይማራሉ፤ ይፈተኑበታልም። እኛ ግን አሁንም ሐኪሙን በአንድ ሕንፃ፣ ነርሱን በሌላ ሕንፃ እናስተምርና ሥራ በጀመሩበት የመጀመሪያ ሌሊት «ቡድን ሁኑ» እንላቸዋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሰነድ የተለያዩ ሙያዎችን የጋራ ትምህርት ሲተረጉም ሦስት ነገሮችን አስቀምጧል። የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሙያዎች ተማሪዎች አንዱ ስለ ሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሲማሩ ነው ይላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያደርጉት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሦስት መቶ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ቡድን ሥራ የአንድ ሰዓት ንግግር ማሰማት ትምህርት አይደለም። የነርስ ተማሪዎቹ በአንድ ወገን፣ የሕክምና ተማሪዎቹ በሌላ ወገን ይቀመጣሉ፤ ሳይተዋወቁም ይወጣሉ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የሕክምና ተማሪዎችን ለብቻቸው ሰብስቦ ስለ መተባበር ማስተማር ነው። ይህንንም እኔ አድርጌዋለሁ።

በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የጤና ተማሪዎቹን አብሮ ማስተማር ጀመረ፤ በ1996 ደግሞ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱት ዋርድ፣ ማለትም የሕሙማን መኝታ ክፍል፣ ከፈተ። የሕክምና፣ የነርስና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች በመምህራን ተቆጣጣሪነት እውነተኛ ሕመምተኞችን በጋራ ይንከባከባሉ። የሕክምና ተማሪው አልጋ ማንጠፍን፣ ሕመምተኛ ማጠብን፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማድረስን በእጁ ይሞክረዋል። አንድ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ «ትናንት ስድስት እርምጃ የተራመዱት ዛሬ ሁለት ብቻ ሆነባቸው» ሲል ትርጉሙ ይገባዋል፤ ምናልባት በእግራቸው የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በአዳራሽ ማስተማር አይቻልም።

መሣሪያዎችም አሉ፤ ሆኖም መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ማስረጃው በእጃችን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር በተለያዩ አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳየ። ዝርዝሩ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ቢላ ሥጋ ከመንካቱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና ሥራቸውን እንዲናገሩ ነው። ስሙን የተናገረ ሰው ኋላ ችግር ሲያይ ለመናገር አይከብደውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በካናዳ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች ውስጥ ይኸው ዓይነት ዝርዝር ሥራ ላይ ውሎ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳልታየ ተዘገበ። እኔ ከሁለቱ የምረዳው ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና እርስ በርስ መነጋገር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። መነጋገሩ ደግሞ ከወረቀቱ በፊት መማርን ይጠይቃል።

ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የገባ አንድ የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ በዋርዳችን ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው እርሱን ነው። የሚደውል ሰው አራት ነገር በቅደም ተከተል ይናገራል፦ አሁን ምን ሆነ፣ የሕመምተኛው ታሪክ ምንድን ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ለእኔ ትልቁ አራተኛው ነው። የነርስ ተማሪዋ «መጥተው እንዲያዩአቸው እጠይቃለሁ» ብላ በግልጽ የመናገር ሥልጣን ታገኛለች፤ የስታይን ጨዋታም በዚያው ይፈርሳል። የሕክምና ተማሪው በበኩሉ ስልክ ተቀብሎ የሰማውን መልሶ መናገርን፣ «ሌላ ያየሽው ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅን ይለማመዳል። መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። በሦስተኛው ሳምንት ይለመዳል።

በስብሰባ ይህን ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «ሁሉም ተናጋሪ ከሆነ ኃላፊነቱ የማን ነው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በድንገተኛ ሰዓት የሚወስን አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያ ሰው ሐኪም ነው። መወሰን ግን ሰምቶ ነው። ያቺን ሌሊት ነርሷ በእኔ ፋንታ ልወስን አላሉም፤ የጎደለኝን መረጃ ነበር የሰጡኝ። «የትምህርት ሰዓቱ ሞልቷል» የሚለው ሌላው ሰበብ ግን እምብዛም አያሳምነኝም። ራውንድ በየቀኑ አለ፤ የተረኝነት ርክክብም በየቀኑ አለ። ሁለቱም ላይ የሌሎች ሙያዎች ተማሪዎች እንዲገኙ ማድረግ ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም፤ የመምህራንን ስምምነት ብቻ ይጠይቃል። የጥናት ማስረጃው ገና ያልተሟላ መሆኑን የሚያነሡም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 15 ጥናቶችን መርምሮ ለሁሉም የሚሆን ድምዳሜ ላይ አልደረሰም። ነገር ግን ተለያይቶ መማር ይሻላል የሚል ማስረጃ አምጡ ቢባልስ ማን ያመጣል?

በእኔ አስተያየት መነሻው ፈተናው ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ። የሕክምና ተማሪ ከዋርድ ሲወጣ ከሚሰጠው ውጤት ላይ አብረውት የሠሩት ነርሶች፣ አዋላጆችና ፋርማሲስቶች ድርሻ ይኑራቸው። ሲጠሩት መጣ ወይ? ስህተቱ ሲነገረው አመሰገነ ወይስ ተቆጣ? ትዕዛዙን በሚነበብ ጽሑፍ ጻፈ ወይ? እነዚህን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የተግባር ፈተናው ላይም አንድ ጣቢያ፣ ማለትም ተማሪው በተራው የሚፈተንበት ቦታ፣ ይጨመር፤ ፋርማሲስት «ዶክተር፣ ያዘዙት መጠን በዝቷል» ብሎ የሚደውልበት፣ ተማሪውም መልስ በሚሰጥበት መንገድ ነጥብ የሚያገኝበት።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ ስለ ሐኪሞች ሥልጠና ዳግመኛ ሲጽፍ ዘጋቢያችሁ ከዲኖቹ ቢሮ አስቀድሞ የሌሊት ተረኛ ነርሶች ዘንድ ይሂድ። «አዲስ ሐኪም ሲሳሳት አይታችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን አለ? ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው። መልሳቸውን ያለ ስም አትሙልን፤ ተማሪዎቼን አስነብባቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕክምና መምህር